በሸማኔው ጉድጓድ አፍ

«እትዬ፣ አቡጀዴ ምን ያደርግልዎታል? ለከፈን እንዳይሆን ብቻ!» አለኝ ከድር፣ ከባንኮኒው ጀርባ እየሳቀ።

ከድር በአርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ፣ በሲቀላ፣ ነጋዴ ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው በአንዲት ቆርቆሮ ኪዮስክ የጀመሩትን ንግድ እሱ ባለ መስታወት ሱቅ አድርጎታል። አባቱን በደንብ አውቃቸው ነበር፤ አቡጀዴ በክንዳቸው እየለኩ፣ ጫፉን በጥርሳቸው ነከስ አድርገው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ የሚተረትሩ ሰው ነበሩ።

«ለሕፃን ነው» አልኩት። «ልጄ ትዕግሥት ወለደች። ወንድ ልጅ።»

«ማሻአላህ! እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለና ሁለቱንም ምርቃት በአንድ ላይ አወረደልኝ። «ግን ለሕፃን አቡጀዴ? እሱማ ድሮ ቀረ እትዬ። ዝርዝር አልላከችም?»

ልካለች እንጂ። ስልኬን አውጥቼ ሰጠሁት። ከድር እያነበበ ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ፦ በሕፃኑ ክብደት ቁጥር የወጣለት ዳይፐር፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ሲሞቅ ቀለሙን የሚቀይር ማንኪያ፣ ወተት የሚያልብ ማሽን፣ ሦስት ዓይነት ጡጦ፣ ባለ ዘለበት ማንገቻ። እያንዳንዱ በካርቶን ታሽጎ፣ በካርቶኑ ላይ የሚስቅ ነጭ ሕፃን አለበት። ሁሉንም ገዛሁ። አቡጀዴው ግን ከልቤ አልወጣም። ከዚያ ሱቅ ወጥቼ ሌላ ገባሁ፣ ከዚያም ሌላ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ወደ ቤት መሄድ ስችል ሁለት ፌስታል ተሸክሜ መንገዱን ወደ ላይ ወደ ታች አልኩት።

ያቅበጠበጠኝ አቡጀዴ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ትዕግሥት ልጇን እያጠባች ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር። የወሊድ ፈቃዷ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ እሷ ግን ከአሁኑ ቀን መቁጠር ጀምራለች። «እማዬ፣ አንቺ ወደ ሥራ ስትመለሺ እኔን ማን ያዘኝ?» አለችኝ። «አያትሽ ናቸዋ» አልኳት። «እማማ አስካለ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጎበዝ ነበሩ ማለት ነው» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ሲሳሳት ሰምቼ ሳላርም መተኛት አልችልም። ያን ሌሊት ግን ሳላርማት ተኛሁ። ስለዚህ አሁን በሥርዓቱ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ያኔ ሲቀላ እንዲህ አልነበረችም። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ አቧራ ነበር። ጧት ጧት ሙዝ ከጫኖ መንደር በአህያ ይገባል፤ አንድ እጅ ሙዝ በስሙኒ ትገዢና ሻጯ በላዩ ሁለት ፍሬ ትመርቅልሻለች። ከሐይቅ የወጣ ክንድ የሚያህል አሣ በብር ከሃምሳ ነበር። እኛ ወጣት አስተማሪዎች ቀሚሳችን ፖሊስተር፣ ሻሻችን ናይለን ነው፤ በዚያ ሙቀት ፖሊስተር መልበስ ምን ማለት እንደሆነ የለበሰ ያውቀዋል፤ ግን አይጨማደድም፣ እኛም የምንፈልገው ያንኑ ነበር። ወንዶቹ ቴትረን ሱሪ፣ ተማሪዎቹ ኮንጎ ጫማ። ከታክሲ ተራው ጥግ ካለው ሻይ ቤት ሬዲዮ አይጠፋም፤ ሳክስፎን የሚያስለቅስ የፍቅር ዘፈን ይጀምርና መሐል ላይ ተቋርጦ ዜና ይመጣል። ስብሰባም የበዛበት ጊዜ ነበር። የምን ስብሰባ እንደነበረ አሁን ተምታቶብኛል፤ የማስታውሰው አግዳሚ ወንበሩን ነው፣ ነፍሰ ጡር ሆኜ ጀርባዬን ሲቆረጥመኝ።

እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ አርባ ምንጭ የመጣሁት በምደባ ነው። ባለቤቴ ተስፋዬ ደግሞ የዶርዜ ልጅ ሆኖ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ትዕግሥትን ስወልድ እሱ ካምባ ተመድቦ ስለነበር በወር አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የምኖረው ከወላጆቹ ጋር ነበር፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወስደው ዳገት ግርጌ። አባቱ አባባ ማዳልቾ ሸማኔ ናቸው። እናቱ እማማ አስካለ ፈታይ ናቸው፤ የፈተሉትንና ከሌሎች ሴቶች የሰበሰቡትን ክር ይዘው ከገበያ ገበያ ይዞራሉ፤ ጧት ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ።

የዶርዜ ሸማኔ ሲሠራ ላላየ ሰው ላስረዳ። የሸማ ሥራው ዕቃ የሚተከለው ወለሉ ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ነው። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ይቀመጣል፤ እግሮቹ ከታች መርገጫውን ይረግጣሉ፤ እጆቹ ከላይ መወርወሪያውን በድሩ መሐል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራሉ፤ ከዚያ ማጉን ወደ ራሱ ስቦ ይመታል። ጧ። ደግሞ ጧ። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ይህ እንደ ፀሐይ መውጣት የታወቀ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በእንዲህ ዓይነት ቤት ቀኑን ሙሉ ከቤት የማይወጣው ሰው ወንዱ ነው። እኔ፣ ክፍልፋይና መቶኛ የማስተምረው ሴትዮ፣ ይህችን ቀላል ሒሳብ ሳላሰላት ቀረሁ።

ሌላውን ሁሉ አስልቼ ነበር። ሰው ሳይወለድ ልብስ አይገዛለትም ቢሉኝም ተደብቄ ገዛሁ፦ ስድስት ሜትር አቡጀዴ፣ ሃያ አራት ሽንት ጨርቅ ሆኖ የተቆረጠ፤ አንድ ደርዘን መርፌ ቁልፍ፤ የዱቄት ወተት በቆርቆሮ፤ ሁለት የብርጭቆ ጡጦ ከነላስቲኩ፤ አንድ ፔርሙስ፤ አንድ የኢናሜል ሳፋ። ጨርቁን በየቀኑ እቀቅላለሁ፣ በካውያ እተኩሳለሁ፣ በአራት አጥፌ እደረድራለሁ። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ፕሮግራም ለጠፍኩ፤ በቀይ እስክሪብቶ ጡት፣ በሰማያዊ እንቅልፍ። እማማ አስካለ ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱ ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ልጅቷ ይህን አይታዋለች?» ብለው ጠየቁኝ።

አላየችውም። የፈቃዴ ቀን ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ጡጦ ማለማመድ ጀመርኩ። ላስቲኩ ከንፈሯን ሲነካ ፊቷን አዙራ እንደ ተወጋ ሰው ትጮሃለች። በማንኪያ ሞከርን፤ ትተፋዋለች። እኔ ቤት ውስጥ ስለሆንኩ ነው ብዬ ወጥቼ ከአጥሩ ሥር ተደበቅሁ፤ እማማ አስካለ እሹሩሩ እያሉ ሞከሩ፣ ጎረቤት ሞከረች፣ የጎረቤቷ ልጅ ሞከረች። ላስቲኩን ስኳር ቀባነው። አሥሩ ቀን አምስት ሆነ፤ አምስቱ ሁለት ሆነ። ሌሊት ተነስቼ ፕሮግራሙን አስተካክዬ እጽፈዋለሁ፤ ስህተቱ ከወረቀቱ ላይ ያለ ይመስል። ተስፋዬ ከካምባ በመኪና ረዳት እጅ ደብዳቤ ላከ፦ «ካልሆነልሽ ሥራውን ተዪው፣ አንቺና ልጄ ትበልጡብኛላችሁ።» በፍቅር የተጻፈ ነበር፤ ግን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ከእኛ ቤት ሰባት ልጆች መሐል በራሷ እጅ ፈርማ ደመወዝ የተቀበለች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። መዝገቡ ላይ ያለውን ቦታዬን ለሌላ ሰው መልቀቅ አልቻልኩም።

ሰኞ ደረሰ። እማማ አስካለ ገበያቸውን ትተው ዋሉልኝ። አራት ሰዓት ላይ የዕረፍት ደወል ሲደወል ሮጬ መጣሁ፤ ለቅሶዋ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ሳጠባት ጊዜው አለፈና ክፍሌ ስመለስ ርእሰ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው ተማሪዎቼን ጸጥ ሲያሰኙ አገኘኋቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ውጭ ጠርተውኝ «መምህርት፣ አንድ ጊዜ አላየሁም። ሁለተኛ አስጠነቅቅሻለሁ። ሦስተኛ ከሆነ ለበላይ ጽፌ በቦታሽ ሰው አስተካለሁ፤ ስድሳ ስምንት ልጅ ያለ አስተማሪ ማስቀመጥ አልችልም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

ማክሰኞም ያው ሆነ፤ እየበረርኩ ሄጄ እየበረርኩ በመመለሴ ብቻ ደረስኩ። ረቡዕ እማማ አስካለ የግድ ለክር መሄድ ነበረባቸው። «ጎረቤቷ ትመጣለች» ብለውኝ ወጡ። በዕረፍት ሰዓት እየሮጥኩ መጥቼ አጥሩ ጋ ስደርስ ለቅሶ የለም። ጎረቤቷ ደጃፏ ላይ ሆና ሽንኩርት ትልጣለች። «ልጄስ?» «እኔ እንጃ፣ አባባ ተይ ሂጂ ብለውኝ!» በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ጧ። ደግሞ ጧ።

ወደ ሸማ ክፍሉ ገባሁ። አባባ ማዳልቾ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጠዋል። በጎናቸው የባዘቶ፣ የተነደፈ ጥጥ፣ ክምር፣ በባዘቶው ላይ ልጄ። በአንድ እጃቸው መወርወሪያውን አቁመው በሌላው ጥጥ ተሞልታ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለች፣ ጣት የምታህል ነገር አፏ ውስጥ ይዘውላታል፤ የምትነከርበት የወተት ኩባያ አጠገባቸው ነው። ትጠባለች። ዓይኗን ጨፍና፣ ግንባሯ ላብ ጠብ እያለ ትጠባለች።

አባባ አማርኛን በትልቅነታቸው የተማሩ ሰው ናቸው፤ ወንድና ሴት ሳይለዩ ሁሉንም «አንተ» ነው የሚሉት።

«መምህር፣ ዝም በል» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «ልጅ እየበላ ነው።»

እኔ ግን ያየሁት ጨርቁን ነበር። «አባባ! ይህ ጨርቅ ከወለሉ ላይ ነው? ተቀቅሏል? ጀርም እኮ…»

«ጀርም ማን ነው?»

«ዓይን የማያየው ትንሽ ነፍሳት ነው፣ በሽታ ያመጣል።»

«ረሃብስ? እሱን ዓይን ያየዋል?»

እሳቸው ጨርቋን እንደገና ነከሯት። «እናቴ ሲሞት ወንድሜ እንደዚህ ትንሽ ነበር» አሉ፣ መዳፋቸውን አሳይተው። «አባቴ ሸማ እየሠራ በዚህ አሳደገ። ላስቲክ ቀዝቃዛ ነው፣ ይሸታል። ጥጥ ግን ሥጋ ይመስላል። አንተ መቀቀል ትወዳለህ አይደለም? ቀቅል። መቶ ቀቅል። እኔን አትከልክለኝ ብቻ።»

ቀቀልኩ። ያን ማታ ከአሮጌ ነጠላቸው አሥራ ሁለት ቁራጭ አዘጋጅቼ፣ አፍልቼ፣ ተኩሼ፣ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አስቀመጥኩላቸው። ወተቱን አፍልቼ ፔርሙስ ውስጥ አደረግኩ። ጥጡ እንዳይወጣና እንዳያንቃት ጨርቋ በክር ጥብቅ ብላ መታሰር አለባት፤ እሱን ማንም እንደ ሸማኔ አያስርም። አባባ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ የሰፈሩ ወንዶች እንዳያውቁ። «ወንድ ልጅ ሲያጠባ አይተው ሲስቁ እኔ ምን እሆናለሁ?» አሉ። ደንበኛ ሲመጣ ልጅቷን ከባዘቶው ጋር ከድሩ ጀርባ ይደብቋታል። እሷም ድምፅ አታሰማም፤ መወርወሪያው ሲሄድ ዓይኗ አብሮ ይሄዳል፣ ሲመለስ ይመለሳል፣ ጧ ሲል ትንፋሿ ይረጋል።

ባለፈው እሑድ አማቼ፣ የትዕግሥት ባል፣ ከድር የሸጠልኝን ባለ ዘለበት ማንገቻ ደረቱ ላይ አስሮ፣ ልጁን እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥሎ በሲቀላ መሐል ሲሄድ ከኋላው ሆኜ አየሁት። አሁን አንዱ ይስቃል ብዬ ግራ ቀኝ አየሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ እንኳ ቀና አላሉም። አንዲት ሙዝ ሻጭ «እንዴት ያምራል!» ብላ ቀጠለች። አንዳንድ ነገር ሳናየው ያልፍና የማንም ድል ሳይሆን ይቀራል። እኔ ግን ቤት እስክንገባ ድረስ ትከሻዬ አልወረደም።

ምክንያቱም ባሳን አውቀዋለሁ። ባሳ ከታች ሰፈር የነበረ ሸማኔ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የባሰ። አንድ ሐሙስ ጧት ድር ሊዋስ ሳያንኳኳ ገባ። አባባ ልጅቷን በነጠላ ደረታቸው ላይ አስረው ጨርቋን አፏ ላይ ይዘው አገኛቸው። እኔ ገና ለትምህርት ቤት ልወጣ ቦርሳዬን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ።

«ኧረ ጉድ!» አለ ባሳ። «ጋሽ ማዳልቾ ጡት አወጡ! በስተርጅና! መቼ ነው ክርስትናው?»

ባሳ ድሩን ሳይወስድ እየሳቀ ወጣ። ረፋዱ ላይ ሻይ ቤቱ፣ ከሰዓት ገበያው ሰማ። ማታ በደጃችን የሚያልፉ ሁለት ወንዶች አባባን «የጡት አባት» ብለው ሲጠሩ በጆሮዬ ሰማሁ።

በማግስቱ አባባ ልጅቷን አልተቀበሉኝም። «መምህር፣ ውሰድ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ድሩ ላይ ተክለው። «እኔ ሸማኔ ነኝ።» ለመንኳቸው። ስለ ሰው እኩልነት አስረዳሁ፣ ምሳሌ ሰጠሁ፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። «አንተ ትክክል ነህ» አሉ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም። ጎረቤቷ በዚያችው ጨርቅ ሞከረች፤ ልጅቷ ተፋችው። ጨርቁ ብቻ አልነበረም ለካ። በዕረፍት ሰዓት ስደርስ ድምፅዋ ተዘግቶ በአየር ብቻ ታለቅስ ነበር። ክፍሌ ስመለስ ርእሰ መምህሩ ሰዓታቸውን እያዩ በሩ ላይ ቆመዋል። «ሁለት» አሉኝ።

ማታ እማማ አስካለ ከገበያ ሲገቡ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተቆጥተው አልጮሁም። እንዝርታቸውን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን መልሰው ለበሱ፣ «ማን? ባሳ?» አሉና ወጡ። ቅዳሜን ሙሉ ቤት አልዋሉም። ምን እንዳደረጉ ያወቅሁት እሑድ ነው፣ ራሳቸው ሳይሆኑ ጎረቤቷ እየሳቀች ስትነግረኝ።

ፋሲካ እየደረሰ ነበር። ለሸማኔ ከዚያ የበለጠ የሥራ ወቅት የለም፤ ባሳም ለአንድ ቤተሰብ አምስት ጋቢ ለበዓሉ ላደርስ ብሎ ቃል ገብቷል። ማግ አለቀበት። ሁልጊዜ ወደምትሸጥለት ፈታይ ሄደ። «ክር አለሽ?» «የለኝም።» «ያ ልቃቂት ምንድን ነው ታዲያ?» «እሱ ለማዳልቾ የልጅ ልጅ ልብስ ነው።» ወደ ሁለተኛዋ ሄደ። «ይህ ሁሉ ክር?» «ለሕፃኗ ነው።» ገበያ ወጣ። ዘንቢል ሙሉ ክር ይዘው የተቀመጡ አሥር ሴቶች፣ አሥሩም ለአንዲት የሁለት ወር ልጅ! «ልጅቷ ዝሆን ናት እንዴ?» ብሎ ጮኸ ይባላል። አንዷ «አንተ ጡት ያወጣ ወንድ አይተህ የለ? እስቲ ደግሞ ክር የሚፈትል ወንድ ፈልግ» አለችው።

ሰኞ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ባሳ ነበር። በዚህ ጊዜ አንኳኩቶ ቆመ። እማማ አስካለ ከፍተው ወደ ሸማ ክፍሉ መንገድ ለቀቁለት። እኔ ልጄን ታቅፌ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ክፍል መግባት አለብኝ፣ የሚቀረኝ ደግሞ «ሦስት» ብቻ ነው።

«ጋሽዬ፣ እኔ እኮ ቀልድ ነው ያልኩት» አለ ባሳ።

አባባ እጃቸውን ሳያቋርጡ ሁለት ጊዜ መወርወሪያውን ወረወሩ። «ቀልድህ ልጅ አስራበ» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፋሲካ ደረሰብኝ።»

«ስንት ልጅ አለህ?»

«አምስት።»

«ስንቱን ታቅፈሃል?»

ባሳ እግሩን አየ። አባባ ሥራቸውን አቆሙ። «መምህር፣ ልጅ ስጠው» አሉኝ።

አላመነታሁም ብል ውሸት ነው። በመጀመሪያ እጁን አስታጠብኩት፣ በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሰጠሁት። እንደ ትኩስ ድስት ከራሱ አርቆ ያዛት። «አንገቷን!» አልን ሦስታችንም በአንድ ድምፅ። አንገቷን ያዘ። አባባ ከጣሳው ጨርቅ አውጥተው፣ ወተት ነክረው በጣቱ መሐል አስያዙት፣ ራሳቸውም ወደ ሸማቸው ዞሩ። ጧ። ልጅቷ ባሳን አየችው፣ አኮረፈች፣ የሸማውን ድምፅ ሰማች፣ ከዚያ አፏን ከፈተች።

«ትስባለች» አለ ያ ምላሰ ረጅም ሰው በሹክሹክታ። «ጋሽዬ፣ በኃይል ትስባለች እኮ!»

መሐል ላይ ሱሪው በስተፊት ጨለመ። ልጄ እንደ ልማዷ ለቃበታለች። እማማ አስካለ በሩ ላይ ሆነው «አዲስ ልብስ ልትለብስ ነው፣ ሕፃን የሸናበት ሰው ይለብሳል» አሉና በዚያች ጧት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። አባባም ሳቁ። ባሳ ግን ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። ወተቱ ሲያልቅ አባባ እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጅቷን ተቀብለው ከባዘቶው ላይ ከጎናቸው አስተኟት። «መምህር» አሉኝ፣ «ደወልህ አይደርስብህም?»

ደረስኩ። ተማሪዎቼ ከመሰለፋቸው በፊት ደረስኩ። አራት ሰዓት ላይ የዕረፍት ደወል ሲደወል እግሬ በልማድ ወደ በሩ ወሰደኝ። እዚያ ቆምኩ። ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ያባርራሉ፤ ከሜዳው ማዶ አጥሩ፣ ከአጥሩ ማዶ መንገዱ ይታየኛል። ከሮጥኩ እደርሳለሁ። ግን ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ደብተር ማረም ጀመርኩ። ወተቴ ሰዓቱን አልረሳም፤ የቀሚሴን ፊት አረጠበው። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩትና አንዱን መልስ ሦስት ጊዜ አረምኩት። ርእሰ መምህሩ በመስኮት አልፈው አዩኝ፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። ሥራዬ ተረፈ። ለስንት ሳምንት የለመንኩት ይህንኑ ነበር፤ እኔን ሳትጠብቅ የምትውል ልጅ።

ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ስገባ የሸማው ድምፅ እስከ አጥሩ ይሰማል። ባዘቶው ላይ ነቅታ ተኝታለች። መወርወሪያው ወደ ቀኝ ሲሄድ ዓይኗ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲመለስ ወደ ግራ። ስሟን ጠራኋት። አልዞረችም። እንደገና ጠራኋት። አባባ እጃቸውን ሊያቆሙ አሉ።

«ተዉት አባባ፣ ይሥሩ» አልኳቸው።

በጠመኔ የነጣ ቀሚሴን ሳልቀይር፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ከጉድጓዱ አፍ ተቀመጥኩ። እስኪርባት ጠበቅኋት።